ለእንግዳ የተቀመጠ አዳራሽ

በነሐሴ መጀመሪያ ከበላይ አንድ ቅጽ መጣልን። መሥሪያ ቤታችሁ ስንት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ ስንት ሰው ይሠራል፣ እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል ይላል። ሰቆጣ ውስጥ የግለሰብ ቤት ተከራይተው፣ አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግቶ የሚሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። ቅጹ የመጣው የራሱ ግቢ ያለው ትርፍ ክፍሉን ያካፍላቸው ተብሎ ነው። ቅጹ ወደ እኔ ተመራ። የንብረት ሠራተኛ ነኝ፤ የግቢው ቁልፍ ሁሉ በእጄ ነው። ብዙ ስለማልናገርም መቁጠር የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ «ለዓይናዲስ ስጧት» ይባላል።

ሜትር ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። ግቢያችን ሃያ ሦስት ክፍል አለው። ሰው የሚሠራው በዐሥራ አራቱ ነው። ሁለቱ እስከ ጣሪያቸው የተሰበረ ወንበር ሞልቶባቸዋል፤ ወንበሩን የሚያስወግድ ኮሚቴ ከተቋቋመ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን አልተሰበሰበም። አምስቱ ገና ወደፊት ለሚቀጠሩ ባለሙያዎች ተብለው ተቆልፈዋል፤ መቼ እንደሚቀጠሩ የሚያውቅ የለም። አንዱ በወረቀትና በማኅተም ታሽጓል። እዚያ ይሠራ የነበረው ኃላፊ ንብረቱን ሳያስረክብ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ እሱ መጥቶ ካላስረከበ በሩ አይከፈትም። በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ከነማንኪያው ተቀምጧል።

የቀረው አንዱ፣ ክፍል ቁጥር ዐሥራ ሁለት ነው። የእንግዳ አዳራሽ እንለዋለን። ርዝመቱ ዐሥራ ሦስት፣ ወርዱ ዘጠኝ ሜትር ነው። አርባ ወንበር አለው፤ አርባውም ከፋብሪካ ለብሰውት የመጡት ላስቲክ አልወለቀላቸውም። ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ድርብ መጋረጃ ነው። የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። በመዝገቤ መሠረት የመጨረሻዎቹ እንግዶች የመጡት የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ወር ነው፤ አርባ ደቂቃ ተቀምጠው ለምሳ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ አቧራውን አስጠርጋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የመሬት ክርክር ያያል። ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከኒሯቅ ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች ሰው ይመጣል፤ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይጓዛል። ለእነዚህ ሰዎች መቀመጫ የለም። ቦታቸው ከጥበቃው ቤት እስከ ክፍል አራት ያለው ግድግዳ ነው። በፊት ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ነበራቸው፤ የግቢውን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ፈረሰ። ቆርቆሮው አሁን ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር ተቆልፎበታል። ቅጹ ስለ ግድግዳ የሚጠይቅ ዐምድ የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ዐሥራ ሁለትን ልለካ ስሄድ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንዲት ሴት በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ጠሩኝ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ቤት ሰው አለበት?»

«ሁሉም የለበትም» አልኩ።

«እንደ ጎተራ በመኸር ነዋ የሚሞላው!»

«አንቺ ደግሞ» አሉ አጠገባቸው የነበሩ አንድ የደሃና ሽማግሌ፣ «ጎተራማ አይጥ ይገባበታል።»

ግድግዳው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔ ትዝ ብሎኝ መልሼ ዝም አልኩ።

እትዬ ተዋበች ይባላሉ። ከዝቋላ ቆላ አንድ ቀን ተኩል በእግራቸው መጥተዋል፤ ሲመጡ ይህ አራተኛቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የባላቸው ወንድም ኪዳኑ መሬቱ የአባቴ ነው ብሎ ይከራከራቸዋል። ዘንድሮ ማሽላ ዘርተውበታል።

«እዚህ ደርሷል» አሉኝ ወገባቸውን በእጃቸው እየለኩ። «ዛሬ ከተሰማልኝ እኔ አጭደዋለሁ። ካልተሰማልኝ እሱ ያጭደዋል። ሌላ መሬት የለኝም፤ ሦስት ልጅ ነው ያለኝ።»

ኪዳኑ ግድግዳው ሥር አልነበረም። የሚስቱ ዘመዶች ቤት ከግቢያችን ጀርባ ነው፤ ተራው ሲቃረብ በስልክ ይጠሩታል።

አምስት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ባለጉዳዮቹ ወደ ኮሪደሩ ሮጡ። ጥበቃው አያ ደግሰው በዱላቸው በሩን ዘጉት።

«ተመለሱ! ኮሪደሩ ታጥቧል!»

«እኛስ እየታጠብን አይደል?» አለ ከመሀል አንድ ድምፅ።

«ታዝዤ ነው፣ እኔን አትዩኝ።»

ሰዎቹ ግቢውን ለቀው ከመንገዱ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ደጅ ገብተው ተጠለሉ። ይህን ያየሁት በአዳራሹ መጋረጃ ክፍተት ነው። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ወርዱን እየለካሁ፣ የሜትሩን ጫፍ በእግሬ ረግጬ፣ ደረቅ ምንጣፍ ላይ ቆሜ።

ክፍል ዐሥራ ሁለት ክርክሩ ከሚታይበት ከክፍል አራት ፊት ለፊት ነው። ባለጉዳይ የምትጠራው ሠራተኛ፣ ደጅይጥኑ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ስትጣራ ከጆሮዬ ሥር ሰማኋት።

«ወይዘሮ ተዋበች ወልደ ጻድቅ! አቶ ኪዳኑ!»

በስልክ ተጠርቶ የደረሰው ኪዳኑ «አቤት» አለ። ደጅይጥኑ እንደገና ጠራች። ከማዶ የወፍጮው ጩኸት ይሰማል። ሦስተኛውን ስትጠራ እኔ አሁንም እዚያው ነበርኩ። ጮክ ብዬ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። በሩን ከፍቼ «ወፍጮ ቤት ናቸው፣ ይጠበቁ» ማለት አራት ቃል ነበር። አራቱን ቃል እስካወጣ ድረስ ደጅይጥኑ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ነው የሮጥኩት። መንገዱን ተሻግሬ እትዬ ተዋበችን በእጃቸው ይዤ መጣሁ። ሁለታችንም እስክንደርስ በስብሰናል።

«ተጽፏል» አለች ደጅይጥኑ። «ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ። አራተኛ ጥሪ የሚል መመሪያ የለም።»

«እዚሁ ነበርኩ እኮ፣ እመቤቴ» አሉ እትዬ ተዋበች በአማርኛ። «ዝናቡ ነው።»

«እዚሁ ከነበሩ ለምን አልሰሙም?»

«ወፍጮው ይጮሃል።»

«እንግዲያው ከወፍጮው ጋር ይከራከሩ።»

ከኋላችን የመጡት የደሃናው ሽማግሌ በኽምጣና «ደጅይጥኑ ብለው ስም ያወጡላት ሰዎች ነቢይ ናቸው» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

እትዬ ተዋበች አላለቀሱም። ነጠላቸውን ጨመቁ። ከዚያ ጉያቸው ውስጥ ያለውን ላስቲክ ፈቱና ወረቀቱን አንድ በአንድ አዩት። «ይሄ አልረጠበም» አሉኝ፣ ወረቀቱን ለማዳን የመጣሁ ይመስል።

አልቀረበም ተብሎ የተጻፈበት ፋይል ማታ ኃላፊው ሲፈርሙበት ይዘጋል። ከተዘጋ ክርክሩ እንደ አዲስ ከቀበሌ ይጀምራል፤ ያ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ማሽላው ግን የሚደርሰው በኅዳር ነው።

ወደ ኃላፊው ክፍል ሄድኩ። አቶ እንዳለው ክፉ ሰው አይደሉም። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ ጉቦ ሲበሉ አልታዩም። ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«ቅጹን ጨረስሽ?» አሉኝ ገና በሩን ሳልዘጋ። «ዐሥራ ሁለትን ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«በሳምንት የሚከፈትበት ቀን፣ ዜሮ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ዜሮ ብለሽ ከላክሽ በሳምንቱ ሌላ መሥሪያ ቤት ያስገቡብናል። ‹በሥራ ላይ› በይው።»

«በሥራ ላይ አይደለም።»

«እንግዳ በድንገት ቢመጣስ? ሜዳ ላይ እናስቀምጠው? አንቺ ወግ ካለበት ቤት የወጣሽ ልጅ ነሽ። እናትሽ ለእንግዳ ብለው ያስቀመጡት ነገር አልነበረም?»

ነበረ። እናቴ አንድ ነጭ አጎዛ ነበራት። እኛ ልጆቿ እንድንረግጠው አትፈቅድም ነበር። ነገር ግን አጎዛው በወር ሦስት አራት ጊዜ ይነጠፍ ነበር፤ ምክንያቱም እቤታችን እንግዳ የሚባለው መንገድ ያደከመው፣ የመሸበት፣ ዝናብ የመታው ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አጎዛው ላይ ይቀመጣል። እዚህ ግቢ ግን እንግዳ የሚባለው በመኪና የመጣ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተኩል በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ይባላል። ይህን ማን እንደወሰነ በመዝገብ ፈልጌ አላገኘሁም።

«እትዬ ተዋበችስ እንግዳ አይደሉም?» አልኩ።

«ተዋበች ማን ናቸው?»

ነገርኳቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለታጠበው ኮሪደር፣ ስለ ወፍጮው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ያሳዝናል» አሉ። «ግን ያልቀረቡበት በቂ ምክንያት በጽሑፍ ካልደረሰኝ ማታ ከመፈረም በቀር ምን አደርጋለሁ?»

«ምክንያቱን እኔ እጽፋለሁ።»

ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ቆሜ ጻፍኩ። «ባለጉዳይዋ በሰዓቱ ግቢ ውስጥ ነበሩ። መጠለያ ስለሌለ ዝናቡን ሸሽተው ወጡ። ስማቸው ሲጠራ እኔ ከክፍል አራት ፊት ለፊት፣ አርባ ወንበር ባለው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ቁልፉም በእጄ ነበር።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አቶ እንዳለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የንብረት ክፍል ነው ማለት ነው» አሉ። «ቁልፍ ይዞ በር አለመክፈት።»

«አዳራሹ እንዳይከፈት ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

«በጽሑፍ አዝዣለሁ?»

አላዘዙም። በቃል ነበር።

«ጥፋተኛ ከታወቀ ፋይሉን መመለስ ይቻላል» አሉ እየጻፉ። «ከሰዓት በኋላ ይታይ ብዬ መርቼዋለሁ። ለአንቺ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። ይስማማሻል?»

«ይስማማኛል» አልኩ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ክፍል ቆልፎ የያዘ መሥሪያ ቤት አንዲትን ሴት ዝናብ ላይ አቁሞ ማሳዋን ሊያስነጥቃት ነበር፤ ሲመረመር ጥፋተኛው ሜትር የያዘችው ሆነች። ዳሱን ያፈረሰ ጥፋተኛ አይደለም። ኮሪደር ታጥቦ ሰው አይግባበት ያለ ጥፋተኛ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከአቶ እንዳለው ተማርኩ። አዳራሹን እንዳልከፍት የሚል ጽሑፍ የለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የአዳራሹን በር ሁለቱንም ተካፋች ከፈትኩ። ዝናቡ አላባራም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ የተናገርኩት ያን ቀን ነው። «ግቡ!» አልኩ ወደ ማዶ።

አያ ደግሰው መጡ። «ማን አዘዘ?»

«እኔ።»

«በጽሑፍ ነው?»

«የከለከለኝም በጽሑፍ አልከለከለኝም።»

አያ ደግሰው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «እኔስ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ የለ» ብለው ከሁሉ ቀድመው ገቡ።

የተቀሩት ተከተሏቸው። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ይመስል። አንድም ሰው ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ግድግዳውን ይዘው ምንጣፉ ዳር ላይ ተደረደሩ። ውጭ የነበሩበትን ግድግዳ ትተው ውስጥ ያለውን ያዙ።

«ወንበሩ ላይ እንጂ» አልኩ።

«ላስቲኩ ይቀደድባችኋል፣ ልጄ» አሉ የደሃናው ሽማግሌ።

የአንዱን ወንበር ላስቲክ በሁለት እጄ ይዤ ሸረከትኩት። ድምፁ ሁሉንም አስደነገጠ። እትዬ ተዋበች መጥተው ተቀመጡ፤ የረጠበ ቀሚሳቸው ጨርቁን እንዳያበላሽ ጠርዙ ላይ ብቻ። ሁለተኛውን ሸረከትኩ፣ ሦስተኛውን። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ነበሩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ወንበር ገፈፍኩ።

አቶ እንዳለው ከምሳ ሲመለሱ በሩ ተከፍቶ አገኙት። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ እንደገቡ ዐሥራ ዘጠኙም ሰዎች ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ሰው ሲገባ ተነሥቶ ኖር የማይል በእኛ አገር የለም። ኖር ሲባል ዝም የሚልም የለም። አቶ እንዳለውም የዚህ አገር ልጅ ናቸው፤ አፋቸው ቀደማቸው።

«በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጡ።»

ሁሉም ተቀመጡ። ካሉ በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዳ ቢመጣ ምን ልንል ነው?» አሉ ዝቅ ብለው፤ ጆሮ ያለው ግን ሁሉ ሰማቸው።

«እንግዳ ከመጣማ እንነሣለታለን» አሉ የደሃናው ሽማግሌ። «አሁን ለእርስዎ እንደተነሣነው። እስኪመጣ ድረስ ግን ወንበሩ ምን ያድርግ፣ ጌታዬ?»

አቶ እንዳለው የተሸረከተውን ላስቲክ ክምር እያዩ ቆሙ። ከኮሪደሩ የደጅይጥኑ ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ተዋበች ወልደ ጻድቅ!»

«አቤት!» አሉ እትዬ ተዋበች። ሁለተኛ መጥራት አላስፈለገም። ጫማቸውን ለማድረግ ጎንበስ ሳይሉ በባዶ እግራቸው ኮሪደሩን ተሻግረው ገቡ። ኪዳኑ ገና ከዘመዶቹ ቤት እየመጣ ነበር። እሱ የደረሰው በሦስተኛው ጥሪ ነው።

ክርክሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከመስቀል በኋላ ባለሙያ ሄዶ መሬቱን እንዲለካ፣ እስከዚያ ማሽላው በዘሪዋ እጅ እንዲቆይ፣ ጥቅምት አምስት ቀን ሁለቱም ቀርበው ውሳኔ እንዲሰሙ ታዘዘ።

እትዬ ተዋበች ያን ሌሊት አንዲት ዘመዳቸው ዘንድ አድረው ዓርብ ጠዋት የትእዛዙን ግልባጭ ሊወስዱ ተመለሱ። ማኅተሙ እስኪመታ እኔ ዘንድ ቆመው ሳለ ደጅይጥኑ የእኔን ደብዳቤ አመጣችልኝ። እትዬ ተዋበች ምን እንደሚል ጠየቁኝ። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አንደኛ፣ የሥራ ኃላፊነቴን ባለመወጣቴ ባለጉዳይ ስለተጉላላ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ሁለተኛ፣ ዐሥራ ዘጠኝ የወንበር ልባስ በማበላሸቴ ተጠያቂ ነኝ። ሦስተኛ፣ ክፍል ዐሥራ ሁለት ከእንግዳ በቀር ለማንም እንዳይከፈት ታዟል። ቅጹም ተልኳል። በዐሥራ ሁለት ቁጥር ትይዩ «በሥራ ላይ» ተብሏል፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ አይደለም።

እትዬ ተዋበች ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አገላበጡት፤ ማንበብ አይችሉም።

«እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ ጽፈዋል?»

እንደገና አነበብኩት። «አልጻፉም።»

«እንግዲያማ በጥቅምት ስመጣ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ» አሉ። ግልባጩን በላስቲኩ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። «እስቲ አይደለሽም የሚለኝ ይምጣ።»

እሳቸው እንደሄዱ ተቀምጬ የሁለት መስመር ደብዳቤ ጻፍኩ። «በደብዳቤው ሦስተኛ ነጥብ በተሰጠኝ ትእዛዝ ውስጥ ‹እንግዳ› የተባለው ማን እንደሆነ፣ በእግሩ የሚመጣውን ይጨምር እንደሆነና እንዳልሆነ፣ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አስወጣሁለት።

ዛሬ መስከረም ሃያ ስምንት ነው። መልስ አልመጣም። እስከ ጥቅምት አምስት ድረስ ካልመጣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን እከፍታለሁ።